ፕሮሰሰሩ በእታለም ሻንጣ፣ ሞኒተሩ ከዚሁ ከአገር ቤት

ጥያቄ፦

ውድ አማካሪ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ዕድሜዬ 25 ዓመት ሲሆን የምኖረው ሐዋሳ ነው። ቀን ቀን በአንድ የግንባታ ድርጅት ውስጥ የንድፍ ሥራ እሠራለሁ፤ ማታ ቤቴ ሆኜ አልፎ አልፎ የኦቶካድ ሥራ እቀበላለሁ፣ ሥራ በሌለ ጊዜ ደግሞ ካውንተር-ስትራይክ 2 የሚባለውን የተኩስ ጌምና ኤፍሲ የተባለውን የእግር ኳስ ጌም እጫወታለሁ። ኮምፒውተሬ ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5-6500፣ ራሙ 8 ጊጋባይት፣ ሞኒተሩ ባለ 19 ኢንች ነው። አምና ፓወር ሰፕላዩን አስቀይሬ ያገለገለ አርኤክስ 6600 ግራፊክስ ካርድ ገጠምኩለት፤ ሆኖም ጭስ ሲወረወርና ተጫዋች ሲበዛ ጌሙ መቆራረጡን አልተወም።

ዱባይ የምትሠራው ታላቅ እህቴ ለፋሲካ ትመጣለች። በስልክ «እስከ 4,000 ድርሃም ድረስ ችግር የለም፤ አንተ ብቻ የሚያስፈልግህን ጽፈህ ላክልኝ» ብላኛለች። የወር ደመወዟ 1,600 ድርሃም ነው። አንዱ ጓደኛዬ «ዕድሉ ሳያመልጥህ ያገለገለም ቢሆን ኮር አይ9-14900ኬ አስመጣ» ይለኛል፤ ሌላው «ፕሮሰሰሩን ተወውና ባለ 4ኬ ሞኒተር ይሁን» ይላል። እናቴ ደግሞ «የእህትህን ላብ ለጨዋታ?» ብላ ዝም አለች፤ ዝምታዋ ከንግግሯ ይብሳል። እኔም 40,000 ብር ያህል አጠራቅሜአለሁ። ተሳስቼ ብመርጥ ዕቃውን ወደ ዱባይ መመለስ አልችልም፤ እህቴም ቅር ቢላት አትነግረኝም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝርዝሩን እየጻፍኩ እሰርዛለሁ። ምን ይመክሩኛል?

ሁለት ልብ የሆንኩት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦

ውድ ወንድሜ፣ የእህትህን ደመወዝ የጠቀስክባትን አጭር ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኳት። 4,000 ድርሃም የሁለት ወር ተኩል ደመወዟ መሆኑን አንተም ሳታሰላው አልቀረህም፤ ዝርዝሩን እየጻፍክ የምትሰርዘውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። እንግዲያው ልብህን ከሚያሳርፈው ነገር ልጀምር። ለችግርህ መፍትሔ የሚሆነው ፕሮሰሰር ከነማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ ከሚገጠሙበት ሰሌዳ ጋር) እና ከነራሙ እህትህ ከፈቀደችው ገንዘብ ከግማሽ በታች የሚያስወጣ ነው። በጓደኞችህ ምክር ብትሄድ ግን ገንዘቡ ያልቃል፣ መቆራረጡም ላይለቅህ ይችላል።

ምንም ከመግዛትህ በፊት ዛሬ ማታ አንድ ፈተና እንድትሠራ እለምንሃለሁ። በካውንተር-ስትራይክ 2 ማስተካከያ ውስጥ በሰከንድ የሚሠራው የፍሬም፣ ማለትም የሥዕል፣ ብዛትና ፒንጉ (መልእክትህ በኢንተርኔት ጌሙ ሰርቨር ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ) ስክሪኑ ላይ እንዲታዩ አድርግ። አንድ ጨዋታ በተለመደው አቀማመጥ ተጫወትና በተለይ ጭስ በሚወረወርበት ጊዜ ቁጥሩ ስንት ላይ እንደሚወርድ ወረቀት ላይ ጻፍ። ከዚያ የስክሪኑን ጥራት ለምሳሌ ከ1440 በ900 ወደ 1024 በ768 ዝቅ አድርገህ ያንኑ ካርታ ድገመው። በዚህ ለውጥ ግራፊክስ ካርዱ የሚስለው የነጥብ ብዛት በ40 በመቶ ገደማ ስለሚቀንስ፣ የደከመው ካርዱ ከሆነ የፍሬሙ ቁጥር በግልጽ ከፍ ማለት አለበት። ቁጥሩ እምብዛም ካልተነቃነቀ ግን ካርዱ ሥራ ፈትቶ ፕሮሰሰሩን እየጠበቀ ነው ማለት ነው።

ነገሩን በእንጀራ ጋገራ ብታስበው ይቀልሃል። ግራፊክስ ካርዱ ምጣዱ ነው፣ ፕሮሰሰሩ ደግሞ ሊጡን የሚያቀርበው ሰው ነው። ምጣዱ የቱንም ያህል ቢግል ሊጡ በሰዓቱ ካልደረሰለት ባዶውን ይግላል። የእያንዳንዱን ተጫዋች ቦታ፣ የእያንዳንዱን ጥይት መንገድና የጭሱን እንቅስቃሴ ለእያንዳንዱ ፍሬም አስልቶ ለካርዱ የሚያቀብለው ፕሮሰሰሩ ነው። የአንተው አይ5-6500 እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ፣ አራት ኮርና አራት ሥራ ብቻ በአንድ ጊዜ የሚይዝ ፕሮሰሰር ነው። ለቢሮ ሥራ በዘመኑ ጎበዝ ነበር፤ አርኤክስ 6600ን የሚያህል ካርድ ግን ሊያጠግብ አይችልም። ስለዚህ የፈተናው ውጤት ወደ ፕሮሰሰሩ እንደሚያመለክት እገምታለሁ። ራሙም ተባባሪ ሊሆን ይችላል፤ 8 ጊጋባይት ለዊንዶውስም ለጌሙም በአንድነት ጠባብ ነውና ጌሙ ተከፍቶ ሳለ ምን ያህሉ እንደተያዘ አብረህ ተመልከት።

ፒንጉንም ጻፍ ያልኩህ ያለምክንያት አይደለም። ይህ ጌም አገራችን ውስጥ ሰርቨር ስለሌለው ጨዋታህ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ወደ ዱባይ ወይም ወደ ጆሃንስበርግ ነው። ፍሬሙ ከፍ ብሎ ሳለ ፒንጉ የሚዘል ከሆነ፣ ያ መቆራረጥ የኢንተርኔት ነው፤ እህትህ የዓለምን ምርጥ ፕሮሰሰር ብታመጣልህም አይሻሻልም። ይህን ሳይለዩ ገንዘባቸውን ያፈሰሱ ብዙ ሰዎች ጽፈውልኛል።

አሁን ወደ ጓደኞችህ ክርክር ልመለስ። ሁለቱም ሳያነሱልህ የቀሩት አንድ ቁም ነገር አለ። የሞኒተር ፒክስል፣ ማለትም የነጥቦቹ ብዛት፣ በዋናነት የሚያስቸግረው ግራፊክስ ካርዱን ነው፤ የሞኒተር ሄርዝ፣ ማለትም ሥዕሉን በሰከንድ የሚያድስበት ብዛት፣ ደግሞ በይበልጥ ፕሮሰሰሩን ነው። 4ኬ ማለት 3840 በ2160፣ ማለትም 8,294,400 ነጥብ ነው። የተለመደው 1920 በ1080 ግን 2,073,600 ነጥብ ስለሆነ፣ 4ኬ ልክ አራት እጥፍ ሥራ ይጭናል። ያንተ አርኤክስ 6600 የተሠራው ለ1080 ነው፤ በ1080 ከተገቢው ፕሮሰሰር ጋር ካውንተር-ስትራይክን እንደልቡ ያንቀሳቅሰዋል፣ በ4ኬ ግን ያለ ጥፋቱ ደካማ ይባላል። መሀል ላይ ያለው 2560 በ1440 እንኳን ከ1080 በ78 በመቶ የሚበልጥ ነጥብ አለው። ስለዚህ የመረጣውን ቅደም ተከተል ብታዞረው ይሻላል እላለሁ። መጀመሪያ ካርድህ የሚችለውን ሞኒተር ወስን፣ ከዚያ ያንን ሞኒተር የሚያጠግብ ፕሮሰሰር ፈልግ፤ ከዚያ በላይ የሚወጣው ድርሃም ስክሪኑ ላይ አይታይም።

ለመሆኑ በ144 ሄርዝ ሞኒተር ላይ ተጫውተህ ታውቃለህ? ካልሆነ፣ ሞኒተሩ ካለው ጓደኛ ዘንድ ሄደህ አንድ ሰዓት ተቀመጥ። በ60 ሄርዝ አንዱ ሥዕል በሌላው የሚተካው በ16.7 ሚሊ ሰከንድ ነው፣ በ144 ግን በ6.9 ነው፤ አይጡን በፍጥነት ስታዞር ልዩነቱን ዓይንህም እጅህም ወዲያው ያውቁታል። ከ144 ወደ 165 መዝለል ግን ከ6.9 ወደ 6.1 መውረድ ብቻ ስለሆነ፣ ለዚያች ከአንድ ሚሊ ሰከንድ ለምታንስ ልዩነት ተጨማሪ ገንዘብ እንድትከፍል አልመክርህም። ኤፍሲን በተመለከተ ደግሞ 60 እንኳን ብዙ ሰው የማያማርርበት ነው።

ስለዚህ እኔ ብሆን የምፈልገው ባለ 24 ኢንች፣ 1920 በ1080፣ አይፒኤስ ፓነል (ከጎን ሲታይም ቀለሙ የማይለወጥ የስክሪን ዓይነት) ያለው፣ 144 ሄርዝ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ የሚል፣ ፍሪሲንክ የሚደግፍ ሞኒተር ነው። ቪኤ የሚባለው ፓነል ጥቁሩን ጥልቅ አድርጎ ያሳያል፤ ነገር ግን ርካሾቹ ላይ ጨለማ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ጅራት ያወጣል፣ ይህም ጥግ ላይ የተደበቀ ሰው ለሚፈልግ ተጫዋች አይመችም። ፍሪሲንክ ደግሞ የሞኒተሩን መታደስ ከካርድህ ፍሬም ጋር ስለሚያስማማ፣ ፍሬሙ ከፍ ዝቅ ሲል ሥዕሉ እንዳይቀደድ ይረዳል። 27 ኢንች በ1080 ባይሆን እመርጣለሁ፤ ነጥቦቹ ስለሚሳሱ የኦቶካድ መስመሮችህና ጽሑፎችህ ሻካራ ሆነው ይታዩሃል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈውን «1 ሚሊ ሰከንድ» አትመነው፤ ያ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሥዕሉን በሚያበላሽ ልዩ አቀማመጥ ነው።

ሞኒተሩን እህትህ ባትሸከመው ደስ ይለኛል። ካርቶኑ ሰፊ ነው፣ ፓነሉ በሻንጣ ውስጥ አንድ ጊዜ ከተጫነ ይሰነጠቃል፣ ተሰንጥቆ ቢደርስም መመለሻ የለውም። ያጠራቀምከው ብር ሥራ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ሐዋሳ ወይም አዲስ አበባ ውስጥ በዓይንህ አይተህ ግዛ። ወደ ሱቁ ስትሄድ ላፕቶፕ ይዘህ ሂድና ስክሪኑን ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር፣ ከዚያም ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ አድርገህ አንድም የሞተች ነጥብ እንዳትኖር ከጥግ እስከ ጥግ ተመልከት። ከጎን ቆመህም እየው፤ ቀለሙ ከተለወጠ አይፒኤስ ነው ያሉህ ውሸት ነው። ስንት ቀን ድረስ እንደሚለውጡልህም ደረሰኙ ላይ አስጽፍ።

ፕሮሰሰሩ ግን መዳፍ የማይሞላ ዕቃ ስለሆነ ለሻንጣ የተፈጠረ ነው። የኔ ምርጫ ራይዘን 5 5600 ነው፤ ስድስት ኮር አለው፣ አሥራ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይይዛል፣ የተመደበለት ኃይል 65 ዋት ነው፣ በካርቶን ሲሸጥ ማቀዝቀዣው አብሮት ይመጣል። ከቢ550 ማዘርቦርድና ከሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ዲዲአር4 ራሞች ጋር ይገጠማል። ራሙ አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8 እንዲሆን የምለው፣ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ለፕሮሰሰሩ መረጃ የሚያቀርቡበት መንገድ እጥፍ ስለሚሆን ነው። ኦቶካድም አብዛኛውን ሥራውን በአንድ ኮር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም በመሆኑ ኮር ማብዛቱ እምብዛም አይጠቅመውም፤ የአንዱ ኮር ፍጥነት ግን ይጠቅመዋል፣ በዚህ ረገድም 5600 ካለህ ፕሮሰሰር እጅግ የተሻለ ነው። ኮር አይ5-12400ኤፍም ተመጣጣኝ ነው፤ ዱባይ ላይ ከነማዘርቦርዱ በርክሶ ከተገኘ አልከራከርም።

እውነቱን ልንገርህ፣ ይህ ምርጫ አንድ ጉድለት አለው። 5600 የሚቀመጥበት ኤኤም4 የሚባለው መሰኪያ ያረጀ ነው፤ ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ኤኤም5 ተሻግሯል። ለነገ የተሻለ በር የሚከፍትልህ በኤኤም5 ላይ የሚቀመጠው ራይዘን 5 7600 ነው። ነገር ግን እርሱ ዲዲአር5 ራም ብቻ ይቀበላል፤ የራም ዋጋ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2025 መገባደጃ ወዲህ ክፉኛ ንሯል። ገንዘቡ ያንተው ደመወዝ ቢሆን ኖሮ ምናልባት «ትንሽ ጨምርና 7600ን ውሰድ» እልህ ነበር። በሰው ላብ ሲሆን ግን፣ ለ144 ሄርዝና ለአርኤክስ 6600 የሚበቃውን መግዛት ይበቃል የሚል አቋም አለኝ። አንተስ ከሁለት ዓመት በኋላ ካርድህን በትልቅ ለመቀየር ታስባለህ? መልስህ «አዎ፣ በእርግጥ» ከሆነ ሚዛኑ ወደ 7600 ያጋድላል።

ያገለገለ አይ9-14900ኬ እንድታስመጣ የነገረህ ጓደኛህ ክፉ አላሰበም፤ ፕሮሰሰሩም ፈጣን ነው። ይሁን እንጂ ኃይሉ ሲጨምር እስከ 253 ዋት ይወስዳል፣ ከባድ ማቀዝቀዣም ይፈልጋል። በዚያ ላይ የ13ኛውና የ14ኛው ትውልድ ከፍተኛ ፕሮሰሰሮች ከቮልቴጅ ጋር በተያያዘ ችግር እየተጎዱ እንደነበር ኢንቴል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2024 አምኖ፣ ማስተካከያ አውጥቶ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዝሟል። ያገለገለው ከማስተካከያው በፊት ምን ያህል እንደተጎዳ በዓይን አይታይም፤ ሐዋሳ ሆነህ ዋስትና መጠየቅም ቀላል አይደለም። መብራት በሚመላለስበት ቤት ደግሞ ዝቅተኛ ዋት ራሱን የቻለ በረከት ነው፤ 65 ዋት ፕሮሰሰርና 132 ዋት ካርድ ያለው ኮምፒውተር ጌሙን ዘግተህ እስክትወጣ ድረስ በመካከለኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል በሚሰጥ ባትሪ) ሊቆይልህ ይችላል።

እህትህ ሱቅ ስትሄድ የሚያሳስቷት ስሞች አሉ። 5600 ብላ ጠይቃ 5600ጂ ቢሰጧት ልዩነቱን አታውቀውም፤ ያኛው ውስጠ ማኅደሩ፣ ካሽ የሚሉት ማለት ነው፣ ከ32 ሜጋባይት ወደ 16 የወረደ ነው፣ ከካርድህ ጋር የሚገናኝበት መንገድም አንድ ትውልድ ወደ ኋላ የቀረ ነው። 5500 የሚባለውም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ስሙን በጽሑፍ ላክላት፣ ከመክፈሏ በፊትም የካርቶኑን ፎቶ ትላክልህ። ማዘርቦርዱ ከሆነም ባዮሱ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው ውስጣዊ ፕሮግራሙ፣ ሥሪቱ 5600ን የሚያውቅ መሆኑን ሻጩ ያረጋግጥላት፤ ማዘርቦርዱ መጋዘን ውስጥ የቆየ ከሆነ ፕሮሰሰሩን ላያውቀው ይችላል። እህትህ ፕሮሰሰሩን ከፕላስቲክ ማቀፊያው አታውጣው፤ የዚህ ዓይነቱ ከሥሩ 1,331 እንደ መርፌ የቀጠኑ እግሮች አሉት፣ አንዷ ከተጣመመች ቀጥ ለማድረግ ትዕግሥትና የማይንቀጠቀጥ እጅ ይፈልጋል። የጉምሩክን ደንብም አስቀድማ ብትጠይቅ ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ላስታውስህ፣ ብዙ ሰው የሚረሳው ስለሆነ። ከመሥሪያ ቤት የወጡ ዴስክቶፖች ኬዛቸው ብዙ ጊዜ ለራሳቸው ማዘርቦርድ ብቻ የተሠራ ነው፤ የፊት መክፈቻ ቁልፉ ሽቦ እንኳን ከሌላ ማዘርቦርድ ጋር ላይገጥም ይችላል። ክፈተውና ማዘርቦርዱ የታሰረባቸውን ብሎኖች አቀማመጥ ተመልከት፤ የማይሆን ከመሰለህ ከብርህ ላይ ለአንድ ተራ ኬዝ አስቀር።

ዋናው ግን እህትህ ናት። እታለም የፈቀደችው እስከ 4,000 መሆኑ፣ 4,000ው ማለቅ አለበት ማለት አይደለም። «ቅር ቢላት አትነግረኝም» ብለሃል፤ ምናልባት እርሷም ባንተ በኩል «ብነግረው ያፍራል» ብላ ይሆናል። እስቲ ዋጋውን ደብቀህ ዝርዝሩን ብቻ ከመላክ ይልቅ እንዲህ ብለህ ጻፍላት፦ «እታለም፣ ሞኒተሩን በራሴ ብር እዚሁ እገዛለሁ። ካንቺ የምፈልገው ፕሮሰሰሩን፣ ማዘርቦርዱንና ራሙን ነው፤ ዋጋቸውን እዚያው ጠይቂና ከመግዛትሽ በፊት ንገሪኝ። ከበዛብሽ ፕሮሰሰሩን ብቻ አምጪልኝ፣ የቀረውን ቀስ ብዬ እሞላለሁ።» ይህ መልእክት ለእርሷ እንቢ የምትልበትን ቦታ ይሰጣታል፣ ላንተ ደግሞ ድርሻህን። መልሷን በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ ብትሰማው ይሻላል፤ የታላቅ እህት ድምፅ ያልተባለውን ይናገራል።

እናትህን በሚመለከት ለማሳመን አትቸኩል። ጨዋታ እንደምትጫወት መደበቅም አያስፈልግም፤ የምትሠራ ሰው ነህ፣ ማታ መዝናናት ነውር አይደለም። ሆኖም ሞኒተሩን በራስህ ገንዘብ መግዛትህን፣ የኦቶካዱም ሥራ በዚሁ ኮምፒውተር እንደሚሠራ ሳታካብድ ብትነግራት ዝምታዋ የሚላላ ይመስለኛል። አንድ ቀን ማታ አጠገብህ አስቀምጠህ የምትነድፈውን ቤት ብታሳያትስ?

ፈተናውን ከሠራህ በኋላ ቁጥሮቹን ብትጽፍልኝ ደስ ይለኛል፤ ፍሬሙ ጥራቱን ስታወርድ በብዙ ከጨመረ ከላይ ያልኩትን መለስ ብለን አብረን እናየዋለን። ሁሉም ተገዝቶ የተገጠመ ዕለት ደግሞ የሞኒተሩን ገመድ የምትሰካው ግራፊክስ ካርዱ ላይ እንጂ ማዘርቦርዱ ላይ እንዳይሆን ተጠንቀቅ፤ ራይዘን 5 5600 የራሱ ግራፊክስ ስለሌለው ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀርና «እታለም የተበላሸ አመጣችልኝ» ብለህ ትደነግጣለህ። ዲስፕሌይፖርት ገመድ ተጠቀም፣ ከዚያ በዊንዶውስ የስክሪን ማስተካከያ ውስጥ ግባ፤ አዲሱን ሞኒተርህን 60 ሄርዝ ላይ ተቀምጦ ልታገኘው ትችላለህና 144ን ራስህ ምረጥ።